ሻጋታን ማን ይቆጥራል?

እርሾ በእኛ ቤት እንደ ቤተሰብ ነው። ከሊጡ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ይቀመጣል፣ ሲጠፋ ከጎረቤት ይለመናል፣ "የእሷ እርሾ ጥሩ ነው" የምትባል ሴት ከሰፈር አትጠፋም። ሻጋታ ደግሞ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። አራት ቀን የቆየ እንጀራ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ከነእንጀራው ይጣላል።

ላብራቶሪ ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ነው የሚጻፉት። "እርሾና ሻጋታ" ይባልና አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ሁለቱም ፈንገሶች ናቸዋ። እርሾ ነጠላ ሴል ሆኖ እያቆጠቆጠ ይባዛል፣ ሻጋታ ክር እየዘረጋ ያድጋል። (የእኛ እርሾ በትክክል ከተነገረ ፈንገስ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያም አብሮት አለ። ለዛሬ ግን ፈንገሱን ብቻ እንያዝ።)

ነገሩ ውስጥ የገባሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የውሃና የፍሳሽ ምርመራ ውጤት የሚመዘገብበት ሲስተም ስንሠራ ቅጹን ሳጥን በሳጥን ማየት ነበረብኝ። የባክቴሪያዎቹ ሳጥኖች ግዴታ ናቸው፣ ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም። ከሁሉም በታች ግን "እርሾና ሻጋታ" የሚል ሳጥን አለ፣ አማራጭ ነው። ባዶ ቢተው ሲስተሙ ምንም አይልም። የሆነ ሰው፣ የሆነ ዘመን ላይ፣ "ይኼኛው የግድ አይደለም" ብሎ ወስኗል ማለት ነው። ኮድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ሳይ ማን እንደወሰነውና ለምን እንደወሰነው ሳላጣራ አልተኛም። ይኼኛው ውሳኔ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1850 አርተር ሂል ሃሳል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን ሰው የሚጠጣውን ውሃ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ያየውን በሥዕል አሳተመ። በዚያ ዘመን ምርመራ ማለት ማየት ነበር። ማየት ደግሞ መቁጠር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ መለየትም አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ፍሳሽ የሚለቀቅበት ወንዝ ድንጋዮቹ ላይ እንደ ቆሸሸ ጥጥ የተንጠለጠለ ግራጫ ነገር ይበቅልበታል። እንግሊዞቹ "የፍሳሽ ፈንገስ" አሉት፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ችግሩ ዋናው ነዋሪው፣ ስፌሮቲለስ ናታንስ የሚባለው፣ ፈንገስ አለመሆኑ ነው። ባክቴሪያ ነው፤ በክር መልክ ስለሚያድግ ነው ሰው የተሳሳተው። አብሮት የሚገኘው ሌፕቶሚተስ ላክቴየስም የውሃ ሻጋታ ይባላል እንጂ ከእውነተኞቹ ፈንገሶች ወገን አይደለም። እውነተኛ ፈንገስ አንዳንዴ እዚያው ውስጥ አለ፣ ስሙ ግን ለሌላ ተሰጥቷል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈንገሶች ዕድል የላቸውም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቁጠራ የመጣው ከጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ጋር ነው። መጀመሪያ በተቀቀለ ድንች ቁራጭ፣ ከ1881 ጀምሮ ደግሞ በጄላቲን ላይ ባክቴሪያ ያሳድግ ነበር። ጄላቲን ግን ሙቀት ላይ ይቀልጣል፣ አንዳንዱ ባክቴሪያም ይበላዋል። መፍትሔው ከወጥ ቤት መጣ። የአንዱ ተመራማሪ ባለቤት ፋኒ ሄሰ፣ ጄሊ ለማርጋት የምትጠቀምበትን፣ ከባሕር አረም የሚሠራውን አጋር ሞክሩት አለች። በ1887 ዩሊየስ ፔትሪ ክዳን ያለውን ሳህን ጨመረ። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። አንድ የማይታይ ሴል አጋሩ ላይ ያርፋል፣ እየተባዛ በዓይን የሚታይ ነጥብ ይሆናል፣ ነጥቡ ኮሎኒ ይባላል። ነጥቦቹን ቁጠር፣ በናሙናው ውስጥ ስንት እንደነበሩ ታውቃለህ።

እዚያ ሳህን ላይ ሻጋታ ከበቀለ ግን ሳህኑ ተበላሸ ነው የሚባለው። ከአየር ወድቆበት ነው ተብሎ ይጣላል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እንዲህ የተበላሸውን ሳህን ለመጣል ሳይቸኩል ፔኒሲሊንን እንዳገኘ ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። የማይነገረን ያ ታሪክ ታሪክ የሆነው ሌሎቹ ሳህኖች በሙሉ ስለሚጣሉ መሆኑን ነው።

ወደ ሳጥኔ ልመለስ። ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለው ሐኪም በ1885 ከሕፃናት ሰገራ አንድ ባክቴሪያ ለየ፤ ዛሬ ኢ. ኮላይ የምንለው ነው። የውሃ ሰዎች ቶሎ ጥቅሙ ገባቸው። ውሃ ውስጥ ታይፎይድና ኮሌራን እየፈለጉ መዋል ከባድ ነው፤ ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚመጣ፣ ብዙ፣ ለማሳደግም የማያስቸግር ነገር ካለ ግን እሱን መፈለግ ይበቃል። እሱ ካለ ሰገራ ገብቷል፣ ሰገራ ከገባ በሽታም ሊኖር ይችላል። በ1905 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር የውሃ መመርመሪያ ስልቶችን በአንድ መጽሐፍ አሰባስቦ አወጣ፤ እየታደሰ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የላብራቶሪዎች መመሪያ ነው። መሠረቱ ባክቴሪያ ነው።

ፈንገስ እዚህ ቦታ አልነበረውም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ውሳኔው ትክክል ነበር። ሻጋታ ከአፈር ይመጣል፣ ከቅጠል ይመጣል፣ ከንፋስ ይመጣል። ሻጋታ መኖሩ ሰገራ ስለመግባቱ ምንም አይነግርህም። የሚገድሉ በሽታዎች ባሉበት ዘመን ማንም ሰው ጊዜውን ለዚህ አያባክንም። እኔም ብሆን ሳጥኑን አማራጭ አደርገው ነበር።

ፈንገሶቹን በቁም ነገር ያዩዋቸው መጀመሪያ ሐኪሞች ሳይሆኑ መሐንዲሶች ናቸው፤ ያውም ተቸግረው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ፍሳሽ የሚጣራበት አንዱ መንገድ እንዲህ ነበር፦ ሰፊ ገንዳ በድንጋይ ይሞላል፣ ከላይ ፍሳሹ ይረጫል፣ በድንጋዮቹ መካከል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። የሚያጣራው ግን ድንጋዩ አይደለም። ድንጋዩ ላይ ዝልግልግ ሽፋን ይበቅላል፣ በሽፋኑ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይበሉታል። ከዚያ የዝንብ እጮችና ትሎች መጥተው ሽፋኑን ይግጡታል። አንድ ሙሉ መንደር ነው።

ክረምት ሲመጣና ብርዱ ሲበረታ እጮቹ ይዳከማሉ። ያኔ ፈንገሱ ያለ ከልካይ ይወፍራል፣ ክሩ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፣ ፍሳሹ መውረጃ አጥቶ ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቶ ይቆማል። በእንግሊዝ ማጣሪያዎች ላይ ለዚህ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ውስጥ ፉዛሪየምና ጂኦትሪከም ካንዲደም አሉ። ጂኦትሪከምን አስታውሱት፤ እርሾም ሻጋታም ለመሆን ያልወሰነ ፍጥረት ነው፣ የፈረንሳይ ለስላሳ አይብ ላይ ያለው ነጭ ሽፋንም በከፊል የእሱ ሥራ ነው። በ1953 ደግሞ ሱባሮማይሲስ ስፕሌንደንስ የተባለ ፈንገስ ከእንዲህ ዓይነቱ የድንጋይ ማጣሪያ ተገኝቶ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ተመዘገበ። ሰው ለቆሻሻ ብሎ በሠራው ቤት ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ፣ ስም እንኳ ያልወጣለት ተከራይ!

በዚህ ሰዓት ነው ዊልያም ብሪጅ ኩክ ብቅ የሚለው። የፈንገስ ተመራማሪ ነው፤ ካሊፎርኒያ ያለውን የሻስታ ተራራ ዕፅዋት አጥንቶ ያሳተመ፣ ደንና ተራራ የሚወድ ሰው። በ1950ዎቹ ግን ሥራው ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ፣ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የፍሳሽና የውሃ ምርምር ማዕከል ሆነ። ከሻስታ ተራራ ወደ ፍሳሽ ገንዳ፤ የሥራ ዝውውር ከተባለ ይህ ነው። የተነሳበት ጥያቄ ማንም በሥርዓት ያልመለሰው ነበር፦ በተበከለ ውሃና በፍሳሽ ውስጥ የትኞቹ ፈንገሶች አሉ? ምን ያህል ናቸው? እዚያስ ምን ይሠራሉ?

ችግሩ ሳህኑ ነበር። አንድ ሚሊ ሊትር ጥሬ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ባክቴሪያ ፈጣን ነው፤ በአንድ ሌሊት ሳህኑን ይሞላዋል። ፈንገስ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል፤ እስኪነሳ ድረስ ቦታው ተይዟል፣ ምግቡ ተበልቷል። ናሙናውን በጣም ብታቀጥነው ባክቴሪያው ይቀንሳል፣ ፈንገሱ ግን አብሮ ይጠፋል። ከቀድሞ የሚታወቀው ብልሃት አጋሩን አሲዳማ ማድረግ ነበር፤ ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ሬሞን ሳቡሮ በስሙ የሚጠራውን የፈንገስ ማሳደጊያ የሠራው በዚህ መንገድ ነው። ለፍሳሽ ግን አሲድ ብቻውን አይበቃም፣ አሲድ የለመዱ ባክቴሪያዎች ሞልተውታል።

ሌላ ችግር ደግሞ ነበር፣ እሱም ከፈንገሶቹ ከራሳቸው የመጣ። እንደ ሪዞፐስ ያሉት ሻጋታዎች፣ ዳቦ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ጥጥ የሚመስሉት፣ በሁለት ቀን ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍኑታል። ሌሎቹ ሃምሳ ኮሎኒዎች ከሥር ተቀብረው ይቀራሉ። አንድ ፕሮሰስ ሜሞሪውን በሙሉ ሲይዝ የምታውቁት ነገር ነው።

ለሁለተኛው ችግር መልሱ ሮዝ ቤንጋል የሚባል ደማቅ ሮዝ ቀለም ሆነ። የአፈር ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ እንደደረሱበት ይህ ቀለም የሻጋታውን መስፋፋት ይገታል፤ ኮሎኒው ሳይሞት ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቹን ባክቴሪያዎችም ይከለክላል። ለመጀመሪያው ችግር ደግሞ ገና አዲስ የነበሩት አንቲባዮቲኮች ደረሱ። ኩክ ከመረጣቸው ውስጥ ኦሪዮማይሲን አለ፤ ቤንጃሚን ዱገር የሚባል በሰባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ ወጥቶ መድኃኒት ፋብሪካ የገባ የዕፅዋት ሊቅ ያገኘው ነው። በ1948 ይፋ የሆነው ይህ መድኃኒት የተገኘው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካለ የእርሻ መሞከሪያ በመጣ ጭብጥ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። እስቲ ዙሩን ተከተሉት። ከአፈር የተገኘ ባክቴሪያ ለሰው ልጅ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ሰጠ፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ፍሳሽ የተጨመረበት ሳህን ላይ ገባ፤ እዚያ ባክቴሪያውን ዝም አሰኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈንገሱ በደንብ እንዲቆጠር አደረገ።

ኩክ በ1954 የማሳደጊያውን አሠራር አሳተመ፣ በ1963 ደግሞ በተበከለ ውሃና በፍሳሽ ውስጥ ላሉ ፈንገሶች የላብራቶሪ መመሪያ አወጣ። ሥራው በመሠረቱ ዛሬም ያው ነው። ናሙናው በደንብ ይናወጣል፣ ደረጃ በደረጃ ይቀጥናል፣ ሮዙ አጋር ላይ ይፈስሳል። ሳህኑ ለባክቴሪያ እንደሚደረገው ሰው ሰውነት ሙቀት ውስጥ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት አካባቢ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። ጨለማ ውስጥ፤ ሮዝ ቤንጋል ብርሃን ሲያገኘው ለፈንገሶቹም መርዝ ይሆናልና። ከዚያ ለስላሳና የሚያብረቀርቀው እርሾ፣ ጸጉራሙ ሻጋታ ተብሎ ይቆጠራል። ሳምንት የሚፈጅ ምርመራ! በማግስቱ መልስ ከሚሰጠው የባክቴሪያ ምርመራ ጋር ሲወዳደር ሳጥኑ ለምን ባዶ እንደሚቀር አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ቁጥሩን ደግሞ እንዳለ ማመን አይቻልም። አንድ ፔኒሲሊየም ዘሩን ሲበትን በሺህ የሚቆጠር ስፖር ይለቃል፣ እያንዳንዱ ስፖር ሳህኑ ላይ አንድ ኮሎኒ ነው። ድንጋዩ ላይ ሜትር ሙሉ የተዘረጋ፣ ቀን ከሌት ቆሻሻ የሚበላ ክር ግን ሳይበጠስ ከመጣ አንድ ብቻ ተብሎ ይቆጠራል። ፍሳሹ ውስጥ ተኝቶ የሚያልፈው መንገደኛ ሺህ፣ ሥራውን የሚሠራው አንድ። ዌብሳይት ላይ ሪኩዌስት ቆጥሮ "ይህን ያህል ተጠቃሚ አለን" እንደማለት ነው። ፈንገስ ቆጠራ ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ቁጥሩ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

እስካሁን ያወራሁት ጥያቄ "ፍሳሹ ውስጥ ምን ይኖራል?" የሚል ነው። ሌላ ጥያቄ ግን ጎን ለጎን እያደገ ነበር፦ ፍሳሹ ስለላኩት ሰዎች ምን ይናገራል? በ1948 ብሬንደን ሙር እንግሊዝ ውስጥ የፓራታይፎይድ በሽታ ምንጭ ሲፈልግ ፋሻ ጠቅልሎ በገመድ አስሮ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ያንጠለጥል ነበር። ከቀናት በኋላ አውጥቶ ባክቴሪያውን ያሳድጋል። ተገኘ? ወደ ላይ ሄዶ ቱቦው በሚከፈልበት ማንሆል ሁለቱም በኩል ፋሻ ይሰቅላል። አልተገኘም? ያኛውን ቅርንጫፍ ይተወዋል። ንጹህ ባይናሪ ሰርች ነው፣ ያለ ኮምፒውተር። መጨረሻው አንድ ቤት ደጃፍ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ምንም ሳያመው በሽታውን የሚያስተላልፍ ሰው አለ። ብልሃቱን ሳደንቅ ትንሽ ይቀፈኛል። ማንም ሰው ሽንት ቤት ሲገባ ለምስክርነት አይደለም።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ፈንገሶቹ የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው፣ የደረሰውም በአንድ እርሾ ምክንያት ነው። በ2009 ጃፓኖች ከአንዲት የ70 ዓመት ሴት ጆሮ የተገኘ አዲስ እርሾ መዘገቡ፤ በላቲን ጆሮ ማለት "አውሪስ" ነውና ካንዲዳ አውሪስ ተባለ። የጆሮ ነገር ብቻ መስሎ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በተለያዩ አህጉሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ሰው ደም ውስጥ ተገኘ። ብዙ መድኃኒት አይበግረውም፣ አልጋና መሣሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ የተለመዱት መለያ ማሽኖችም በሌላ እርሾ ስም ይጠሩት ነበር። የአሜሪካው ሲዲሲ በ2016 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ወደ ደም ከገባባቸው ሕሙማን ከሦስቱ ከአንድ በላይ ይሞታሉ፤ ቀድሞውኑ በሌላ ሕመም የደከሙ ሰዎች ስለሆኑ ሁሉንም ሞት በእሱ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ሰው ቆዳው ላይ ተሸክሞት ምንም ሳያመው መኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳሳቢ ያላቸውን 19 ፈንገሶች ዝርዝር ሲያወጣ፣ ከላይኛው ደረጃ ከተቀመጡት አራቱ አንዱ ይህ ነው።

በዚያው በ2022 ደቡባዊ ኔቫዳ፣ ላስ ቬጋስ ያለችበት አካባቢ፣ ሆስፒታሎቹ በካንዲዳ አውሪስ ተይዘው ነበር። ተመራማሪዎች ለ10 ሳምንታት ከሰባት የፍሳሽ ቀጠናዎች ናሙና ወስደው የእርሾውን ዘረ-መል በፒሲአር ፈለጉ። ከ91 ናሙናዎች በ72ቱ አገኙት። ወረርሽኙ ያለባቸው የሕክምና ተቋማት ፍሳሻቸውን በሚልኩባቸው ቀጠናዎች 94 በመቶ፣ በሌሎቹ 20 በመቶ። ለእኔ የሚከነክነኝ 94ቱ አይደለም፣ እሱ የሚጠበቅ ነው። 20ው ነው። ሆስፒታሉ በሌለበት ቀጠና ያንን እርሾ ወደ ቱቦው የላከው ማነው? ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የገባ ሰው? የአረጋውያን መጦሪያ? የሙር ፋሻ ቢሆን ኖሮ ማንሆል በማንሆል ሄዶ በር ያንኳኳ ነበር። የኔቫዳዎቹ ከቀጠና አልወረዱም።

እኛ ጋ ይህን ለማድረግ ቢታሰብስ? አዲስ አበባ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ በፍሳሽ ውስጥ ይፈለጋል፤ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የኔቫዳው ካርታ የሚሠራው ቤቱ ሁሉ ከቱቦ ጋር ስለተገናኘ ነው። አዲስ አበባ ብዙው ሰው ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው የሚጠቀመው፤ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል። ቱቦ ላይ የተመሠረተ ቆጠራ ኮንዶሚኒየሙን ያያል፣ ከኋላው ያለውን የቀበሌ ቤት አያይም። እዚህ ከተጀመረ መጀመር ያለበት ከከተማው ዋና መስመር ሳይሆን ከራሳቸው ከሆስፒታሎቹ መውጫ ይመስለኛል፤ በሽተኛውም እዚያ ነው፣ መውጫውም ይታወቃል።

ፒሲአር ሲመጣ የሮዙ ሳህን ዘመን አበቃ የሚል ሰው አለ። በሰዓታት ውስጥ ስም የሚነግር ማሽን እያለ ሳምንት ማን ይጠብቃል? ግን ዘረ-መል የሞተውንም ሕያውንም አይለይም፤ ክሎሪን የገደለው እርሾም ማሽኑ ላይ "አለ" ነው የሚለው። ሐኪሙ የሚፈልገው ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ነው፤ ለዚያ በእጅ የተያዘ ሕያው እርሾ የግድ ይላል። ስለዚህ ካንዲዳ አውሪስን ሌሎች ተሕዋስያን ከሞሉበት ናሙና በሕይወት ለማውጣት የሚፈልጉ ላብራቶሪዎች የሳቡሮን ማሳደጊያ መልሰው አወጡት። 10 በመቶ ጨው ይጨምሩበታል፣ ስኳሩን ዱልሲቶል በሚባል ሌላ ጣፋጭ ይቀይራሉ፣ ከክፍል ሙቀት አውጥተው 40 ዲግሪ ላይ ያስቀምጡታል። ሌሎቹ እርሾዎች በጨውና በሙቀቱ ዝም ይላሉ። ከዚያ እንደ ኩክ ጊዜ ቀናት ይጠበቃል፤ ጠርሙሱ ከደፈረሰ አንድ ነገር በቅሏል ማለት ነው።